ሰው ሠራሽ የዓይን ሌንስ፦ ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመለሰውና የማይመለሰው የማተኮር ችሎታ

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በተደረገ ማግስት ፋሻው ሲነሣ፣ ታካሚው ከአልጋው ማዶ የቆመውን ሰው ፊት ለይቶ ካወቀ «ዓይኑ በራ» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያው ሰው ቤቱ ገብቶ ዳዊቱን ሲከፍት ፊደሉ ተደበላልቆ ሊያገኘው ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ያለ መነጽር ይደግም የነበረ ከሆነ ደግሞ፣ ሐኪሙ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እንደ ወሰደበት ቢያስብ አያስደንቅም። ቀዶ ሕክምናው ያለ አንዳች ስሕተት ተከናውኖም ቅሬታው ሊነሣ ይችላል፤ ምክንያቱም የተተከለው ሌንስ ከመጀመሪያውም ያንን ተግባር እንዲያከናውን የተሠራ አይደለም።

የዓይን የማተኮር ችሎታ ሲባል በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከውጭ የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ በሬቲና ላይ ጥርት ባለ ነጥብ ማሳረፍ ነው፤ ይህ የኃይል ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የሚታየው ነገር ሲቀርብና ሲርቅ ያንን ኃይል በቅጽበት መለዋወጥ ነው፤ ይህም በሙያው አኮሞዴሽን ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚተከለው ባለ አንድ ትኩረት ሰው ሠራሽ ሌንስ የመጀመሪያውን በሚያስደንቅ ትክክለኛነት ይመልሳል። ሁለተኛውን ግን አይመልስም። ከሌንሱ ኃይል ምርጫ አንሥቶ የታካሚው የዕለት ኑሮ እስኪደርስ ድረስ ያሉት ውሳኔዎች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ነው።

የተፈጥሮ ሌንስ እና ሁለቱ ኪሳራዎች

ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ በቅድሚያ የሚሰበረው በኮርኒያ፣ ማለትም በዓይን ፊት ለፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ ነው። የአንድ ጎልማሳ ዓይን ጠቅላላ ኃይል ወደ 60 ዳዮፕተር ይጠጋል፤ ከዚህም 43 ያህሉ የኮርኒያ ድርሻ ነው። ሌንሱ ለብቻው ሲለካ 20 ዳዮፕተር ገደማ ኃይል አለው። ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው በትክክል 60 የማይሆኑት በመካከላቸው ያለው ርቀት በስሌቱ ውስጥ ስለሚገባ ነው። የሌንሱ ድርሻ ከኮርኒያው ያነሰ ቢሆንም፣ ቅርጹን ሊለውጥ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው።

የአሠራሩን ዋና መዋቅር ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1855 አብራርቶታል። ሌንሱ ስስና ተለጣጭ በሆነ ከረጢት፣ ማለትም በካፕሱል ተሸፍኖ፣ ዞንዩል በሚባሉ ቀጫጭን ክሮች በዙሪያው ካለው የሲሊያሪ ጡንቻ ጋር ተያይዞ ተንጠልጥሏል። ጡንቻው ዘና ሲል ክሮቹ ይወጠራሉ፣ ሌንሱም ይሳሳል፤ ዓይን ሩቅ ያያል። ጡንቻው ሲኮማተር የቀለበቱ ስፋት ስለሚጠብ ክሮቹ ይላላሉ፣ ሌንሱም በካፕሱሉ ተለጣጭነት ይድበለበላል፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ይጨምርና ዓይን ቅርብ ያያል። የጡንቻው ሥራ ለሌንሱ ዕረፍት መሆኑ ብዙ ተማሪዎችን የሚያደናግር ነጥብ ነው።

የ10 ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ ከ10 ዳዮፕተር በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ይህም ማለት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ያለን ፊደል ያለ ችግር ያነባል። ዕድሜ ሲጨምር ሌንሱ እየደነደነ ይሄዳል፤ በ50ዎቹ ዓመታት ውስጥ ይህ ችሎታ ከሞላ ጎደል ያልቃል። ጡንቻው መኮማተሩን አያቆምም፤ የሚታዘዝለት ሌንስ ግን የለም። አንባቢው መጽሐፉን ክንዱ እስኪደርስ ድረስ የሚያርቀው፣ መርፌ የምትሰካውም ልጅ የምትጠራው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሞራ ግርዶሽ በአብዛኛው የሚመጣው አኮሞዴሽን ከጠፋ ከዓመታት በኋላ ነው። ዕድሜ ከሌንሱ ተለዋዋጭነቱን ወሰደ፤ ሞራው ደግሞ ጥራቱን ወሰደ። ሁለቱ ኪሳራዎች የደረሱት በአንድ ሌንስ ላይ ቢሆንም በጊዜም በባሕርይም የተለያዩ ናቸው፤ ቀዶ ሕክምናው በቀጥታ የሚመልሰውም ሁለተኛውን ነው።

በዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ክስተት አለ። አንዳንዱ ሞራ የሚጀምረው ከሌንሱ እምብርት ነው። እምብርቱ እየጠጠረ ሲሄድ ብርሃን የመስበር አቅሙ ይጨምራል፤ ዓይኑም ቀስ በቀስ ቅርብ ብቻ ወደሚያይ ዓይን ይለወጣል። ሩቁ ይደበዝዛል፣ ቅርቡ ግን ይጠራል። ለዓመታት በመነጽር ሲያነቡ የኖሩ አዛውንት አንድ ቀን መነጽሩን ጥለው ያለ እርሱ ማንበብ ይጀምራሉ። ይህም እንደ በረከት ይቆጠራል፤ በእርግጥ ግን የሞራው የመጀመሪያ ምልክት ነው። ቀዶ ሕክምናው ያንን እምብርት አውጥቶ ለሩቅ እይታ የተስተካከለ ሌንስ ሲተካ፣ ያገኙት የቅርብ እይታም አብሮ ይሄዳል። በመግቢያው የተጠቀሰው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ምንጩ ይህ ነው።

ከወፍራም መነጽር እስከ ሪድሌይ

ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል እ.ኤ.አ. በ1747 የሞራ ሌንስን ከዓይን ማውጣት ከጀመረ በኋላ ለ200 ዓመታት ያህል የወጣውን የሚተካ ነገር አልነበረም። ሌንስ አልባው ዓይን ከ10 እስከ 12 ዳዮፕተር የሚደርስ ወፍራም መነጽር ያስፈልገው ነበር። መነጽሩ የሚታየውን ነገር ከሲሶ በማይተናነስ መጠን ያጎላል፤ ዳር ዳሩን ያጣምማል፤ አንድ ዓይን ብቻ የተሠራለት ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ዓይኖች የሚያቀርቡትን የተለያየ መጠን ያለው ምስል አእምሮ ሊያዋሕደው አይችልም። መነጽሩ በጠፋ ወይም በተሰበረ ቀንም ታካሚው ወደ ዕውርነት ተመለሰ ማለት ነው።

ለውጡን ያመጣው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሌይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ከአውሮፕላን መስኮት ተሰብሮ በዓይናቸው ውስጥ የቀረው የአክሪሊክ ስባሪ ዓይኑን ሳያስቆጣ እንደሚኖር አስተዋለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ የመጀመሪያውን ሌንስ ተከለ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ ያበቃል፤ ለተመራማሪ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ቀጥሎ የሆነው ነው። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ከ10 ዳዮፕተር በላይ የሆነ የቅርብ እይታ ስሕተት ይዘው ወጡ።

የስሕተቱ ምክንያት በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። የተፈጥሮ ሌንስ የፊት ገጽ የጥምዝነት ሬዲየስ 10 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሌንሱ አማካይ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ 1.42፣ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ደግሞ 1.336 ነው። በስስ ሌንስ ቀመር የሁለቱ ልዩነት 0.084 በሁለቱ ገጾች ጥምዝነት ድምር ሲባዛ 22 ዳዮፕተር ያህል ይሰጣል። ይኸው ቅርጽ በአክሪሊክ ከተሠራ፣ የአክሪሊክ ኢንዴክስ 1.49 ስለሆነ፣ ልዩነቱ ወደ 0.154 ያድጋል፤ ኃይሉም ወደ 41 ዳዮፕተር ይወጣል። የተፈጥሮን ቅርጽ መምሰል የተፈጥሮን ሥራ መሥራት አልነበረም፤ ዓይን የሚቆጥረው በቅርጽና በቁስ መካከል ያለውን ውጤት ነው። ሪድሌይ በኋላ የሌንሱን ገጾች ጠፍጠፍ አድርጎ ስሕተቱን አርሟል። ከሙያ ባልደረቦቹ የገጠመው ተቃውሞ ግን ለብዙ ዓመታት ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው የቴክኒክ እድገት በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ቻርልስ ኬልማን እ.ኤ.አ. በ1967 ሞራውን በአልትራሳውንድ ሰባብሮ በጠባብ ቅድ መምጠጥን አስተዋወቀ፤ የሚታጠፉ የሲሊኮንና የአክሪሊክ ሌንሶች ሲመጡ ደግሞ ቅዱ ወደ 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ወረደ። የሌንሱ ማረፊያም የታካሚው የራሱ ካፕሱል ሆነ፤ ሐኪሙ ፊቱን ከፍቶ ውስጡን ካጸዳ በኋላ አዲሱን ሌንስ በባዶው ከረጢት ውስጥ ያኖረዋል።

የኃይል ምርጫ

ሌንሱ አንድ ኃይል ብቻ ካለው ያ ኃይል ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ የሕክምናው እምብርት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980 የታወቀው ኤስ.አር.ኬ. የተባለው ቀመር በዘመናዊ ቀመሮች ቢተካም ለማስተማር ዛሬም ይጠቅማል። ቀመሩ ከሌንሱ ቋሚ ቁጥር ላይ የዓይኑን ርዝመት በሚሊ ሜትር በ2.5 አባዝቶ፣ የኮርኒያውንም ኃይል በ0.9 አባዝቶ ይቀንሳል። ቋሚ ቁጥሩ 118.4፣ የዓይኑ ርዝመት 23.5 ሚሊ ሜትር፣ የኮርኒያው ኃይል 43.5 ዳዮፕተር ቢሆን፣ 58.75 እና 39.15 ተቀንሰው 20.5 ዳዮፕተር ይቀራል። ርዝመቱ ሲለካ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢፈጠር የሌንሱ ኃይል በ2.5 ዳዮፕተር ይዛባል። በአልትራሳውንድ ሲለካ መሣሪያውን በዓይኑ ላይ ትንሽ ጫን ማድረግ ብቻ ርዝመቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

አሁን የዓይን መለኪያ በሌለበት ቦታ ለሁሉም ታካሚ ይኸው 20.5 ዳዮፕተር ሌንስ ተተከለ እንበል። የዓይኑ ርዝመት 22 ሚሊ ሜትር የሆነው ታካሚ የሚያስፈልገው 24.25 ነበር፤ 25 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 16.75። ሁለቱም በ3.75 ዳዮፕተር ተሳስተዋል፤ በመነጽር ልኬት ሲተረጎም ስሕተቱ ወደ 2.5 ዳዮፕተር ይሆናል። በቁጥር እኩል የሆኑት ሁለት ስሕተቶች በኑሮ ፈጽሞ እኩል አይደሉም። ረጅም ዓይን ያለው ሰው ሩቁ ይደበዝዝበታል፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ጥርት አድርጎ ያያል፣ ምስር ይለቅማል፣ ያነባል። አጭር ዓይን ያለው ሰው ብርሃኑ የሚሰበሰበው ከሬቲናው በስተኋላ ስለሆነ፣ ጉድለቱን የሚሞላለትም አኮሞዴሽን ስለሌለው፣ ያለ መነጽር በየትኛውም ርቀት ጥርት ያለ ነገር አያይም። ወጣት ዓይን ይህን መጠን ያለው ጉድለት ሳይታወቀው ይሸፍነዋል፤ ሰው ሠራሽ ሌንስ የያዘ ዓይን ግን መሸሸጊያ የለውም። ብዙ ሐኪሞች ዒላማቸውን ከዜሮ ጥቂት ወደ ቅርብ እይታ የሚያዘነብሉት ስሕተቱ ቢመጣ በዚያ በኩል እንዲመጣ ነው።

ስሌቱ በትክክል ቢሠራም የመጨረሻው ርግጠኛ ያልሆነ ነገር ሌንሱ በዓይን ውስጥ የሚያርፍበት ጥልቀት ነው። ካፕሱሉ ከሳምንታት በኋላ ሲጨማደድ ሌንሱን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በትንሹ ሊገፋው ይችላል፤ ይህም አስቀድሞ ሊለካ የማይችል፣ ሊገመት ብቻ የሚችል ነው። የዘመናዊ ቀመሮች ልዩነት በአብዛኛው ይህን ጥልቀት የሚገምቱበት መንገድ ልዩነት ነው።

አኮሞዴሽንን ለመመለስ የተደረጉ ሙከራዎች

የጠፋውን ሁለተኛ ችሎታ ለመተካት የቀረቡት መፍትሔዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አኮሞዴሽንን የሚያስመስሉና አኮሞዴሽንን ለመመለስ የሚሞክሩ። ባለ ብዙ ትኩረት ሌንስ ከመጀመሪያው ወገን ነው። በገጹ ላይ የተቀረጹ ደቃቅ ቀለበቶች ብርሃኑን ከፍለው ከፊሉን ለሩቅ፣ ከፊሉን ለቅርብ ያተኩሩታል። እኩል በሚያካፍል ባለ ሁለት ትኩረት ሌንስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 41 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው ጥቅም ላይ ሳይውል ይበተናል። ሁለቱ ምስሎች ሁልጊዜ አብረው በሬቲና ላይ ስላሉ የጥቁርና የነጭ ልዩነት ይደክማል፣ በሌሊትም በመኪና መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል። ጤናማ ሬቲና ላለው ሰው ተቀባይነት ያለው ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ግላኮማ ወይም የስኳር ሕመም ሬቲናውን ለጎዳው ሰው ግን ቀድሞም የቀነሰውን የብርሃን ልዩነት የበለጠ መቀነስ ነው። ሌላው ቀላል ዘዴ አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን በ1.5 ዳዮፕተር ያህል ለቅርብ ማስተካከል ነው፤ አእምሮ ብዙውን ጊዜ ይለምደዋል።

ከሁለተኛው ወገን በይበልጥ የሚታወቀው ክሪስታሌንስ የተባለው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ሐሳቡ ጡንቻው ሲኮማተር ሌንሱ በታጠፉ ክንፎቹ ላይ ወደ ፊት እንዲንሸራተት ነው። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ስሌቱ ግን አይረዳውም። ወደ 20 ዳዮፕተር የሚሆን ሌንስ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ቢሄድ የሚያስገኘው 1.2 ዳዮፕተር ገደማ ሲሆን፣ በ40 ሴንቲ ሜትር ለማንበብ የሚያስፈልገው 2.5 ነው። በዓይን ውስጥ የተለካው እንቅስቃሴ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ዓይነት ሌንስ ይዘው በደንብ የሚያነቡ ሰዎች መኖራቸው የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን ተራ ሌንስ ይዘውም የሚያነቡ አሉ። በእርጅና የጠበበ የዓይን ብሌን ቀዳዳ ከጠባብ ቀዳዳ እንደሚታይ ምስል የጥራት ርቀቱን ያሰፋል፤ መጠነኛ የኮርኒያ መዛባትም አንዳንድ ጊዜ ይረዳል። ይህ ሐሰተኛ አኮሞዴሽን ይባላል። በመሆኑም ታካሚው በሰሌዳ ላይ ስንት መስመር እንዳነበበ ብቻ የሚዘግብ ጥናት ሌንሱ ኃይሉን መለወጥ አለመለወጡን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ የዓይኑ ኃይል ራሱ በመሣሪያ መለካት አለበት።

ባዶውን ካፕሱል በለስላሳ ጄል ሞልቶ የወጣት ሌንስ የማድረግ ምርምር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቀጥሏል። የሄልምሆልትዝን አሠራር በቀጥታ የሚከተለው ይህ ነው፤ ጡንቻው ዛሬም ስለሚሠራ ተስፋው መሠረት አለው። እንቅፋቱ ከረጢቱ ነው። በካፕሱሉ ግድግዳ ላይ የሚቀሩ ሴሎች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተባዝተው ይደነድኑታል፣ ያደበዝዙታልም። በተራ ሌንስ ላይ ይህ ድብዘዛ ከኋላ ባለው ካፕሱል ላይ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ በመክፈት ይታከማል፤ ጄል በተሞላ ከረጢት ላይ ግን ቀዳዳ መክፈት የያዘውን ማፍሰስ ይሆናል።

በሕፃናት ላይ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። ሞራ ይዞ የተወለደ ልጅ ሌንሱ ሲወጣለት ዕድሜ ያልወሰደበትን፣ ሙሉ የነበረውን አኮሞዴሽን ያጣል። ዓይኑም ሲወለድ ከ17 ሚሊ ሜትር ብዙ ሳይበልጥ ኋላ ወደ 23 የሚያድግ ስለሆነ፣ ዛሬ ልክ የሆነው ሌንስ ነገ ከመጠን በላይ ይሆናል። ሐኪሞች ሆን ብለው ኃይሉን አሳንሰው ተክለው ልዩነቱን በመነጽር የሚሞሉት ለዚህ ነው። የሕፃን ዓለም በክንድ ርቀት ያለ ስለሆነ፣ ያለ ቅርብ መነጽር የቀረ ዓይን ማየትን ሳይማር ሊቀር ይችላል።

የውጤት መለኪያ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት የዕውርነትን መጠን 1.6 በመቶ አድርጎ ያገኘ ሲሆን፣ የዚህ ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 49.9 በመቶ፣ በሞራ ግርዶሽ የመጣ ነበር። በአገሪቱ በስፋት የሚሠራው ያለ አልትራሳውንድ ማሽን፣ ስፌት በማያስፈልገው ቅድ ሞራውን አውጥቶ ጠንካራ የአክሪሊክ ሌንስ መትከል ነው። የሕንዱ አውሮላብ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በአሥመራና በካትማንዱ የተቋቋሙት የሌንስ ፋብሪካዎችም በተከታዮቹ ዓመታት ሥራ ጀምረው የሌንሱን ዋጋ ካወረዱ በኋላ፣ ሌንስ መትከል የባለጸጎች ብቻ ሕክምና መሆኑ ቀርቷል። እዚህ ላይ የሪድሌይ ቁስ ከ70 ዓመታት በኋላም ሥራውን እየሠራ ነው። ውድ የሆነው ባለ ብዙ ትኩረት ሌንስ አለመዳረሱ እንደ ትልቅ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ በትክክል ተለክቶ የተመረጠ ተራ ሌንስና አንድ የማንበቢያ መነጽር ተደምረው ከብዙ ብልሃተኛ ሌንሶች የተሻለ ጥራት ይሰጣሉ።

ጉድለቱ ያለው መነጽሩ በሕክምናው ውስጥ አለመቆጠሩ ላይ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 አገሮች ውጤታማ የሞራ ቀዶ ሕክምና ሽፋናቸውን እስከ 2030 በ30 ነጥብ በመቶ ከፍ እንዲያደርጉ ዒላማ አስቀምጧል። በዚህ መለኪያ «ውጤታማ» የሚባለው የተሠራለት ሰው 6/12 ወይም ከዚያ የተሻለ የሩቅ እይታ ሲኖረው ነው። የቅርብ እይታ የሚቆጠረው በሌላ መለኪያ፣ በመነጽር ሽፋን ሥር ነው። ክፍፍሉ ለሪፖርት አመቺ ነው፤ ታካሚው ግን አንድ ሰው ነው። ሩቁን 6/12 የሚያይ፣ ዳዊቱን ግን መድገም ያቃተው አዛውንት፣ ጥልፏን ያቋረጠች ሴትም በአንደኛው መዝገብ ስኬት ሆነው ይሰፍራሉ፤ ለሁለተኛው መዝገብ ደግሞ መነጽር ፈልገው ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ሌላ ከተማ እስካልሄዱ ድረስ አይደርሱም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ያለ መነጽር ያነባሉ?» ብሎ መጠየቅ የሌንሱን ዒላማ ሊለውጥ የሚችል መረጃ ይሰጣል፤ የሚያነብ ከሆነ፣ በተለይም ሁለተኛው ዓይን ገና ካልተሠራ፣ አንዱን ዓይን ለቅርብ ማስቀረት ሊታሰብ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቅዱ ሲድንና ልኬቱ ሲረጋጋ የሚደረገው ምርመራም የ6 ሜትሩን ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን በ40 ሴንቲ ሜትር የሚያዘውን ሊጨምር ይገባል። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ፊደል የታተመበት ካርድ፣ ከ2 እስከ 3 ዳዮፕተር የሚሆኑ ጥቂት መነጽሮችና የአምስት ደቂቃ ጊዜ ነው።